«ቤተ መጻሕፍት» የሚለው ወዴት ሄደ?

በግዕዝ «ወ» ማለት «እና» ማለት መሆኑን ከመካከላችን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በዚህች በአዲስ አበባ ከተማ ስሙ በ«እና» የሚጀምር ቤት እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ወመዘክር ነው። ስም ሲወጣለት «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ተብሎ ነበር፤ ይኸውም የመጻሕፍት ቤትና የመታሰቢያ ቤት ማለት ነው። ከተሜው ግን ረዥም ስም አይወድምና የፊተኛውን ቆርጦ ጥሎ የኋለኛውን ከነማያያዣው አስቀረው። ዛሬ አንዱ ተማሪ ለጓደኛው «ትናንት ወመዘክር ነበርሁ» ሲለው «ትናንት እና መታሰቢያ ነበርሁ» ማለቱ ነው። ቀልዱን ሳይሰማው አርባና አምሳ ዓመት የተመላለሰበት ሰው ሞልቷል።

ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋልሁት ዕለት ሥቄአለሁ። እየቆየሁ ሳስበው ግን ሕዝቡ ሳያውቀው እውነቱን የተናገረ መሰለኝ። ያ ቤት ሲወለድ ሁለት ሥራ ተሰጥቶት ነበር፤ አንደኛው ማስነበብ፣ ሁለተኛው ማኖር። ሁለቱ ሥራዎች ደግሞ በአንድ ጣራ ሥር ተስማምተው የሚኖሩ አይደሉም። ስለዚህ በስሙ ላይ የደረሰው በሥራውም ላይ ደረሰ፤ ማኖሩ ቀረ፣ ማስነበቡ እየሳሳ ሄደ። በበኩሌ የምለው ይህ የማንም ሰው ጥፋት አይደለም፤ ዳሩ ግን ከሰማንያ ዓመት በኋላም አለመታረሙ የእኛ ጥፋት ነው።

ታሪኩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በአገራችን መጽሐፍ የሚኖረው በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነበር። አንድ ትልቅ የብራና መጽሐፍ ለማውጣት ብዙ የበግና የፍየል ቆዳ ተፍቆ፣ ቀለሙ ተበጥብጦ፣ ጸሓፊው ወራት ሙሉ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይጽፋል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ «ውሰድና አንብበህ መልስ» የሚል ሞኝ የለም። በመጽሐፉ ዳር ወይም መጨረሻ ላይ የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ይጻፍበት እንደ ነበር የግዕዝ ትምህርት የወሰዳችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። ግዝቱ የዚያ ዘመን የቤተ መጻሕፍት ደንብ ነበር ማለት እንችላለን፤ ምናልባትም ከዛሬው ደንብ ይልቅ የሚፈራው እርሱ ነበር። ፈረንጅ ግን ግዝት አልፈራም። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ብለው መቅደላ ላይ ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዘርፎ ወስዷቸው፣ ከነዚያ መካከል ሦስት መቶ ኀምሳ ያህሉ ወደ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተዋል፤ እስከ ዛሬም በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። እንግዲህ መጽሐፍን ቆልፎ መያዝ በእኛ ዘንድ ንፉግነት ብቻ አይደለም፤ የተዘረፈ ሰው ልማድ ነው።

የኅትመት ዘመን ሲመጣ የመጽሐፍ ጠባይ ተለወጠ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ቈጥረው ዝርዝራቸውን በ1904 ዓ.ም. አሳተሙ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በስሙ የተጠራው ጋዜጣም በ1917 ዓ.ም. ወጣ። የታተመ መጽሐፍ እንደ ብራና አንድ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሆኖ የሚወለድ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ አርጅቶ የሚሞት ነገር ነው። በዚያው መንገድ ቢቀጥል ኖሮ ምናልባት የከተማችን የመጀመሪያ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ነገር ግን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጠላት ከተማዋን ያዘ፤ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የተጀመረው ፍጅትም ንባብ የጀመረውን ትውልድ እየለቀመ ፈጀው።

ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር የተከፈተው በ1936 ዓ.ም. ነው። ነጻነት በተመለሰ ገና በሦስተኛው ዓመት መሆኑን ልብ በሉ። መጻሕፍት ተበታትነዋል፤ ሰነዶች ጠፍተዋል፤ የሚያነብበው ወጣት አልቋል። በዚያን ጊዜ ሥልጣን በእጃችን ቢሆን እኔም እናንተም የምናደርገው ይህንኑ ነበር፤ የተረፈውን ሰብስቦ አንድ ቤት አግብቶ መቆለፍ። «መዘክር» የሚለው ቃል ከስሙ ውስጥ የገባው ለማሳመሪያ አይመስለኝም። ሊረሳ የቀረበ ነገር ነበርና መታሰቢያ አስፈለገው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሕጎች የማኖሩን ሥራ ይበልጥ አጠነከሩት። በ1968 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ በአገር ውስጥ የሚታተም ጽሑፍ ቅጂው ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት እንዲገባ ታዘዘ። በ1991 ዓ.ም. ደግሞ በዐዋጅ ቍጥር 179 የቤተ መዛግብቱና የቤተ መጻሕፍቱ ሥራ በአንድ ኤጀንሲ ተደራጀ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1997 ዩኔስኮ «የዓለም መዘክር» ልንለው በምንችለው መዝገብ ላይ ከዚህ ቤት ጥንታዊ ጽሑፎች የተመረጡትን አሰፈረ። ይህ ሁሉ ትልቅ ሥራ ነው፤ የሚያቃልል ሰው ታሪክ አልተማረም። በ1917 ዓ.ም. የወጣውን ጋዜጣ ዛሬ ተቀምጠን ማየት የምንችለው አንድ ሰው «ይህ አይወጣም» ብሎ በሩን ስለ ዘጋ ነው።

ነገር ግን «ይህ አይወጣም» የሚለው ሰውና «ውሰድ፣ እስከ ዐሥራ አምስት ቀን መልስ» የሚለው ሰው አንድ ሊሆን አይችልም። ለሚመጣው መቶ ዓመት የሚኖር መጽሐፍ በተነካ ቍጥር ይጐዳል፤ ስለዚህ ጠባቂው አንባቢ ባይመጣ ደስ ይለዋል ቢባል ሐሜት አይደለም። ለሕዝብ የሚሆን መጽሐፍ ደግሞ ካልተነካ ከንቱ ነው፤ ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ ጠርዙ ቆሽሾ፣ በሦስተኛው ዓመት ተጥሎ በአዲስ ቢተካ ግዳጁን ፈጽሟል። አንዱን ሰው ሁለቱንም ሥራ አዝዘው ሲያበቁ «ለምን አላዋስህም?» ብሎ መውቀስ የዘበኛን ሥራ ለአስተናጋጅ ሰጥቶ በሩን ለምን ዘጋህ እንደ ማለት ነው።

ይህ ችግር የደረሰው በእኛ ብቻ አይደለም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወጥቼ ወደ ማንቸስተር ልውሰዳችሁ፤ ያችን የእንግሊዝ ከተማ የመረጥሁት ሁለቱንም ዓይነት ቤት ለየብቻ ስለ ሠራች ነው። የመጀመሪያው ቤት ሃምፍሪ ቼተም የተባለ የጨርቅ ነጋዴ በተናዘዘው ገንዘብ በ1653 (ማንቸስተር ላይ እስካለን ድረስ ዘመኑ የፈረንጅ ነው) የተቋቋመው ነው። ማንም ሰው ያለ ክፍያ ገብቶ ያነብ ነበር፤ መጻሕፍቱ ግን በሰንሰለት የታሰሩ ነበሩ፤ ሰንሰለቱም ሲፈታ በመደርደሪያዎቹ መካከል መዝጊያ ተገጠመ። በ1845 ካርል ማርክስና ፍሪድሪክ ኤንግልስ በዚያ ቤት በመስኮት አጠገብ ባለ ጠረጴዛ ተቀምጠው አንብበዋል። ጠረጴዛው እስከ ዛሬ ለጐብኚ ይታያል። ከማኅበራችን አባላት አንዳንዶቹ ይህን ሲያነቡ ልባቸው እንደሚሞቅ ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቃቸው፤ ኤንግልስ የጻፈላቸው የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች በዚያ ጠረጴዛ ሊቀመጡ የሚችሉት በስንት ሰዓት ነበር? ፋብሪካው ሲለቅቃቸው ቀኑ መሽቷል።

በ1850 የእንግሊዝ ፓርላማ ዊልያም ኤዋርት ባቀረበው ሐሳብ ከዐሥር ሺሕ በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ ከግብር ከፋዩ ጥቂት ወስዶ ነጻ ቤተ መጻሕፍት እንዲያቆም ፈቀደ። በክርክሩ ጊዜ ሲብቶርፕ የሚባል ኮሎኔል ተነሥቶ ማንበብ ጨርሶ እንደማይወድ፣ ኦክስፎርድ በነበረበት ጊዜም ይጠላው እንደ ነበር ተናግሯል። ቢያንስ ሐቀኛ ሰው ነበር፤ እኛ አገር እንደርሱ የሚያስብ ሁሉ ስለ ንባብ ባህል ንግግር ያደርጋል። ሕጉም ጉድለት ነበረበት። ከግብሩ የሚገኘው ከአንድ ፓውንድ ግማሽ ፔኒ ብቻ ሲሆን፣ በዚያ ገንዘብ ሕንፃ መሥራትና ደመወዝ መክፈል እንጂ መጽሐፍ መግዛት አይቻልም ነበር። ቤት ሠርቶ መጽሐፉን እግዜር ያምጣው ማለት የእኛ ፈጠራ ይመስለኝ ነበር። እነርሱ ግን በአምስት ዓመት ውስጥ፣ በ1855፣ ግብሩን ወደ አንድ ፔኒ አሳድገው መጽሐፍ መግዛትን ፈቀዱ።

ማንቸስተር በዚህ ሕግ መሠረት መጽሐፍ ወደ ቤት የሚያውስ ቤተ መጻሕፍት በመስከረም 1852 ከፈተች። በበዓሉ ላይ ቻርልስ ዲከንስና ታከሬይ ተገኝተዋል። የመጀመሪያው ኀላፊ ኤድዋርድ ኤድዋርድስ ይባላል፤ በልጅነቱ ግንበኝነት የተማረ፣ በኋላ በብሪቲሽ ሙዚየም የሠራ፣ ለሕጉ መውጣት የደከመ ሰው ነው። ከአለቆቹ ጋር ስላልተስማማ በ1858 ከሥራው ተሰናበተ፤ የደከመበትን ቤት ለሌላ ትቶ መሄድ እንግዲህ በየአገሩ ያለ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ማንቸስተሮች አዲሱን ቤት ሲያቋቁሙ የቼተምን ቤት «አንተም አውስ» አላሉትም። ያ በማኖሩ ይኑር ብለው ተዉት፤ ዛሬም አለ። ይህኛው ደግሞ መጽሐፉን ይበትን፣ ያስረጅ፣ ይግዛ አሉት።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። «የእኛ ሰው መጽሐፍ ተውሶ ወደ ቤቱ የመውሰድ ፍላጎት የለውም» የሚል ሰው የከተማዋን አስፋልት አላየም። የወመዘክር በር በማኖር ሥራ ተይዞ ሳለ በመርካቶ፣ በለገሃርና በፒያሳ ዳር ዳሩን የቆሙ ሰዎች ሌላ ቤተ መጻሕፍት ከፍተው ነበር፤ መጽሐፍ አከራዮችን ማለቴ ነው። አባቴ ተማሪ ሳለ ልብ ወለድ የሚያነበው በኪራይ ነበር። መታወቂያውን ወይም ጥቂት ገንዘብ ያስይዛል፤ በቀን ሳንቲም ይታሰባል። ስለዚህ ቶሎ መጨረስ ግድ ነው። ሦስት ሆነው አዋጥተው ተከራይተው፣ አንደኛው እስከ እኩለ ሌሊት፣ ሁለተኛው እስኪነጋ፣ ሦስተኛው ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ ከደብተር ሥር ደብቆ ያነብ ነበር አለኝ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» እንዲህ እጅ በእጅ እየዞረ ስንቱን ቤት እንደ ገባ የሚቈጥር የለም። ይህን ያደረገው ዐዋጅ የሌለው፣ ዲፕሎማ የሌለው፣ ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ የሚያለብስ ሰው ነው።

አከራዩ መጽሐፍ አይጠፋበትም ነበርን? ይጠፋበታል እንጂ። ነገር ግን የጠፋውን በሌላው ኪራይ ያካክሳል፤ ሥራውም አልተዘጋም። እዚህ ላይ ነው የመንግሥት ቤትና የአስፋልቱ ቤት የሚለያዩት። እኔ በተማርሁበት አንድ ትምህርት ቤት መጻሕፍቱ የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ነበሩ። ቁልፉ ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው አንገት አይለይም። አንድ ቀን ለምኜ ሳስቸግራቸው ጋሼ ቁጣ ሳይሆን ኀዘን በሞላበት ፊት «ልጄ፣ ፈርሜ የተረከብሁት ነው፤ ብትጥይው ከደመወዜ ነው የሚቈረጠው» አሉኝ። ያን ጊዜ ክፉ ሰው መሰሉኝ። አሁን ሳስበው መጽሐፉ በንብረት መዝገብ ላይ እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ ተጽፎባቸው ነበር። ወንበር ወደ ቤት አይወሰድም፤ እንግዲያስ መጽሐፍም አይወሰድም። አምስት ልጆች ያሏቸው ሰው በደመወዛቸው ተይዘው የኔን የንባብ ፍቅር እንዲያሳድጉ መጠበቅ ግፍ ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት መለወጥ ያለበት የሰው ጠባይ ሳይሆን ያ መዝገብ ነው። ለሕዝብ የሚዋስ መጽሐፍ እንደ ቋሚ ዕቃ ሳይሆን እንደ ወረቀትና እንደ ቀለም፣ ሲሠሩበት የሚያልቅ ነገር ተብሎ ይመዝገብ። በዓመቱ ከመቶው ይህን ያህሉ ቢጠፋ ሠራተኛው አይጠየቅበትም ተብሎ በደንብ ይጻፍ። በየዓመቱም ለመተኪያ የሚሆን ገንዘብ በበጀት ይያዝ። ይህ ሳይደረግ መቶ ሕንፃ ቢሠራ የሚገኘው መቶ የመስታወት ቁም ሣጥን ነው።

ሕንፃ ስል አብርሆትን አስታውሼ ነው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ሲከፈት ብዙዎቻችን ደስ ብሎናል፤ እኔም ካላየሁት ብዬ ሄጃለሁ። ብርሃን የገባበት፣ ሰፊ፣ ሰው የማይፈራበት ቤት ነው። ነገር ግን እስቲ እኛ ተማሪዎች እዚያም ሆነ በግቢያችን ቤተ መጻሕፍት የምናደርገውን በሐቅ እንናገር። ጧት ተሽቀዳድመን ወንበር እንይዛለን፤ ደብተራችንን ከቦርሳ እናወጣለን፤ የራሳችንን ኖት እናጠናለን፤ ማታ ደብተራችንን ይዘን እንወጣለን። መደርደሪያውን ሳንነካ ሳምንት ያልፋል። የምንፈልገው ወንበርና መብራት ነው፤ ማደሪያችን ጠባብና ጫጫታ የበዛበት ስለ ሆነ አይፈረድብንም። ዳሩ ግን ይህን «ንባብ ተስፋፋ» ብሎ መቍጠር ራስን ማታለል ነው።

መጽሐፍ ስንፈልግ ደግሞ የምንሄደው ወደ ቴሌግራም ነው። በፎቶ ተነሥቶ፣ ገጹ ተጣምሞ፣ የፎቶ አንሺው አውራ ጣት በየዳሩ እየታየ የሚመጣውን መጽሐፍ ስንቶቻችን አንብበናል? ደራሲው ከዚያ ምንም እንደማያገኝ እናውቃለን። የሥነ ጽሑፍ ክፍል ተማሪዎች ሆነን ደራሲ መሆን እንመኛለን፤ የደራሲን እንጀራ ግን በጣታችን እንነጥቃለን። በዚህ ነገር እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሆኖም ስርቆቱ የመጣው ከየት ነው ብለን ብንመረምር የሚያውስ ቤት ከማጣት ነው። በየክፍለ ከተማው የሚያውስ ቤት ቢኖርና እያንዳንዱ ቤት አዲስ ከወጣው መጽሐፍ ዐሥር ዐሥር ቅጂ ቢገዛ፣ ደራሲውም ያገኛል፣ እኛም ከአውራ ጣት እንገላገላለን።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሳወራቸው «አንቺ ደግሞ፣ የመማሪያ መጽሐፍ በሌለበት አገር ስለ ልብ ወለድ ማዋስ ታወሪያለሽ» ይሉኛል። መልሴ አጭር ነው። የፈተናውን መጽሐፍ ማንም ተገዶ ያገኘዋል። ሰው አንባቢ የሚሆነው ግን ሳይገደድ በያዘው፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ሻይ እያፈሰሰበት በሚያነበው መጽሐፍ ነው። በቆመ ዘበኛ ፊት፣ በዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል «ሰዓት ደርሷል» እየተባለ አንባቢ የሆነ ሰው ቢኖር ጀግና ነው፤ እኔ ግን ስለ ጀግና አይደለም የምጽፈው።

ወመዘክር በማኖሩ ይቀጥል፤ ያኖረልንን እኛም እንድናከብር ያስፈልጋል። ከስሙ የተቈረጠው «ቤተ መጻሕፍት» የሚለው ግን ለብቻው ቤት ይሠራለት። ማዘጋጃ ቤቱን ለመጠየቅ የማኅበራችን ፊርማ ይበቃ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ቢሆንም ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ በአጀንዳ እንዲያዝ አመልክቻለሁ። እስከዚያው ድረስ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ከማባዣው አጠገብ ባዶውን የቆመ መደርደሪያ አለ። እያንዳንዳችን አንድ አንድ መጽሐፍ ብናመጣና አንድ ደብተር በገመድ ብናንጠለጥልበት ሥራው ይጀመራል። ቁልፍ አያስፈልገውም። ዘንድሮ የሚመረቁት ወንድሞችና እኅቶች በተለይ ሲወጡ ከማይሸከሙት መካከል ቢተዉልን ደስ ይለናል። እኔ ሰኞ ሁለት ይዤ እመጣለሁ፤ አንደኛው ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ ነገር ግን ገጹ ሙሉ ነው።